ሕፃናትና የጅምላ ፍርድ

ሕፃን ልጅ ወደ ትምህርት ቤት ባዶ እጁን አይመጣም። ፊደል ከመቁጠሩ በፊት ብዙ ነገር ቆጥሯል፤ ማን ዘመድ ማን ባዳ እንደሆነ፣ ከማን እጅ እንደሚበላና ከማን እጅ እንደማይበላ፣ ማንን አንቱ ማንን አንተ እንደሚል ያውቃል። ይህን ዕውቀት የሰጠው መምህር የለም፤ መጽሐፍም አልተዘጋጀለትም። በጉያ፣ በጀርባና በምድጃ ዳር የተቀበለው በመሆኑ ግን፣ በኋላ በጥቁር ሰሌዳ ከሚሰጠው ትምህርት ሁሉ ይልቅ ሥር የሰደደ ነው። ስለዚህም ልጆች የሰውን ልዩነት እንዲያከብሩና የጅምላ ፍርድን ለይተው እንዲያውቁ ማስተማር ይገባል ሲባል፣ ነገሩ ከላይ ሲያዩት ቀላል ቢመስልም፣ በውስጡ አንድ ከባድ የሥነ ምግባር ጥያቄ አዝሏል። ልጁ ከሚወዳቸው ሰዎች የተማረውን ስሕተት፣ ፍቅሩን ሳይነኩ ማረም ይቻላልን?

ጥያቄው ረቂቅ ሆኖ እንዳይቀር በአንድ ሥፍራ ላይ ቆሞ መመርመሩ ይበጃል። በሰሜን ሸዋ፣ በሞጃና ወደራ ወረዳ የምትገኘው ሰላ ድንጋይ ለዚህ ትመቻለች። አገሩ ደጋ ነው። ገብስና በግ የአካባቢው ኑሮ መሠረት ናቸው፤ ከበጉ ፀጉር የሚሸመነው ባናና ዝተትም የመንዝንና የአካባቢውን ብርድ የሚመክት የእጅ ሥራ ፍሬ ነው። በእንዲህ ያለ አገር የእጅ ሙያተኛ ሳይኖር ማደር አይቻልም። ምጣድ የሌለበት ቤት እንጀራ የለበትም፤ ማረሻ የሌለው ገበሬ አዝመራ የለውም። ያም ሆኖ በሰሜኑና በመካከለኛው ደጋ በሰፊው በሚታወቀው ልማድ፣ እናት ከሸክላ ሠሪዋ ምጣድ ስትገዛ በጣቷ አንኳኩታ፣ ስንጥቅ እንደሌለበት በድምፁ ለይታ፣ ዋጋ ተከራክራ ትገዛለች፤ አዝላው የመጣችውን ሕፃን ግን በነጠላዋ ትሸፍነዋለች። «ዓይኗ እንዳያርፍበት» ይባላል። ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ ቡዳ ናቸው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ፣ ሰው በዓይናቸው ይበላሉ ይባላል። በምጣዱ የሚጋገረው እንጀራ ይበላል፤ ከሠሪዋ ጋር ግን በአንድ ገበታ አይቀረብም።

ልጁ በዚያች ቅጽበት ምን እንደተማረ ልብ ማለት ያስፈልጋል። ስለ ሸክላ ሠሪዋ የተነገረው አንዳች ነገር የለም። የተሰማው የእናቱ ትከሻ መጨነቅና የነጠላው በፊቱ ላይ መውረድ ነው። ፍርሃቱ ከቃሉ ቀድሞ ገባ። ከዓመታት በኋላ «ቡዳ» የሚለውን ስም ሲሰማ አዲስ ነገር አይሆንበትም፤ አስቀድሞ በሰውነቱ ውስጥ ለነበረው ፍርሃት ስም ተገኘለት ማለት ነው።

ፍርዱ የሚሠራበት መንገድም ሊጠና የሚገባው ነው። ልጁ ከገበያ ተመልሶ ሆዱን ቢያመው በልታዋለች የምትባለው ሸክላ ሠሪዋ ናት። ሳያመው ቢቀርም ነጻ አትወጣም፤ ያዳነው በአንገቱ የታሰረው ክታብ ነው ይባላል። ሙያተኛው ቢደኸይ እርግማኑ ነው፤ ቢያገኝ በዓይኑ ነው። ልጅን ቢያሞግስ ሊበላው ነው፤ ዝም ቢል በልቡ ይዞ ነው። ይህ ሰው ምን ቢያደርግ ንጹሕ ይባላል ተብሎ ቢጠየቅ መልስ አይገኝም። ማናቸውም ማስረጃ ሊያፈርሰው የማይችል ክስ ደህና ዳኛ ፊት ቢቀርብ በመጀመሪያው ቀን ይዘጋል። በምድጃ ዳር ግን ከሳሹ፣ ምስክሩና ዳኛው አንድ ሰው በመሆኑ መዝገቡ ሳይዘጋ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ይተላለፋል።

ነገሩ የቆየ ነው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ግዛት የመጡ የውጭ አገር ሰዎች በአንኮበር አካባቢ ስለሚኖሩ ጠይባን ጽፈዋል፤ ሙያቸው እንደሚፈለግ፣ እነርሱ ግን እንደሚፈሩ አስተውለዋል። ጠይብ የሚለው ቃል ራሱ የሚያስገርም ታሪክ አለው። ምንጩ ግዕዙ «ጠቢብ» ነው። ጥበብ ያለውን ሰው ለማመልከት የወጣ ቃል በአፍ ሲንከባለል ኖሮ ስድብ ሆኖ አረፈ። አንድ ኅብረተሰብ ጥበበኛ የሚለውን ቃል ለስድብ እስኪያውለው ድረስ ምን ደርሶበት ነው ብሎ መጠየቅ ለቋንቋ መምህራን ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም።

መልሱ በከፊል በመሬት ላይ ይገኛል። በመንዝና በአካባቢው የመሬት ይዞታ በዘር ሐረግ የሚወረስ ርስት ነበር። ከአቅኚው አባት የሚቆጠር ትውልድ የሌለው ሰው ርስት ሊጠይቅ አይችልም። ርስት የሌለው በእጁ ሥራ ሊያድር ግድ ይሆንበታል፤ በእጁ ሥራ ያደረ ደግሞ «ባለ እጅ» ተብሎ ይናቃል፤ የተናቀ ሰው በጋብቻ አይፈለግም፤ በጋብቻ ያልተዛመደም ለልጁ የሚያወርሰው ርስት አያገኝም። ክቡ በዚህ ዓይነት ይገጥማል። መነሻው ማጣት የነበረ ሁሉ መጨረሻው ተፈጥሮ ተብሎ ተተረጎመ። ከዚያም ጅቡ መጣ፤ ጅቡ የመጣው ይህን ሁሉ ለልጅ በአንድ ቃል ለማስረዳት ነው።

መንግሥታት ዝም አላሉም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብ እንዲቀር አዝዘዋል፤ ተሳዳቢውም እንደሚቀጣ አስታውቀዋል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ደግሞ ከስድብ አልፎ ሥሩን ነካ፤ ትውልድ ሳይቆጠር ለማረስ ለፈቀደ ሁሉ መሬት እንዲደርሰው በመደንገጉ፣ በብዙ ሥፍራ ሙያተኛው ለመጀመሪያ ጊዜ ባለ መሬት ሆነ። ይህ ትልቅ ለውጥ ነበር። ነገር ግን አዋጁ መሬት ሰጠ እንጂ ማዕድ አልሰጠም። ባለ መሬት የሆነው ቀጥቃጭ ከጎረቤቱ ጋር ድንበር ተጋራ፤ ጉርሻ ግን አልተጋራም። ሕግ አደባባይን ይገዛል፤ በእናት ጀርባ ላይ በነጠላ ወደ ተሸፈነው ልጅ ግን አይደርስም። ወደዚያ መድረስ የሚችል ካለ ልጁን በአምስትና በስድስት ዓመቱ የሚቀበለው መምህር ነው።

መምህሩ ታዲያ ምን ይበል? ቀላሉ መንገድ «ይህ ሁሉ ኋላ ቀርነት ነው፣ አያታችሁ የነገሯችሁ ሐሰት ነው» ማለት ነው። በአንድ ወቅት በዘመቻና በስብሰባ ብዙ የተባለው ይኸው ነበር። ውጤቱም ሲታይ ልጁ ለትምህርት ቤት አንድ ቋንቋ፣ ለቤቱ ሌላ ቋንቋ መያዝን ተማረ። በክፍል ውስጥ ሰው ሁሉ እኩል ነው ብሎ ይመልሳል፤ ከቤቱ ሲገባ ክታቡን ያስራል። ይህ ልጅ ከስሕተቱ አልወጣም፤ በላዩ ላይ ማስመሰልን ጨመረ እንጂ።

ነገሩን በጥሞና ለሚያይ አያቲቱ ውሸታም አይደሉም። እርሳቸው ልጅ በወለዱበት ዘመን ኩፍኝና ትክትክ ከአንድ ቤት ሁለት ሦስት ሕፃን ይወስዱ ነበር። ማለዳ ሲጫወት የዋለ ልጅ በሦስተኛው ቀን ይቀበራል። ሐዘንተኛ ሁሉ «ለምን?» ብሎ ይጠይቃል፤ ጥያቄውም እውነተኛ ጥያቄ ነው። መልስ የሚሰጥ ሐኪም በሌለበት አገር መልሱ በአቅራቢያ ባለው ደካማ ሰው ላይ አረፈ። የተስፋፋው የክትባት መርሐ ግብር በኢትዮጵያ የተጀመረው በ1972 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት ልጆቻቸውን የቀበሩ እናቶች ዛሬ አያቶችና ቅድመ አያቶች ናቸው። እንግዲህ መምህሩ ለልጁ ሊነግረው የሚችለው እውነት አለ፦ አያትህ የፈሩት ልጅ ስለ ወደዱ ነው፤ የጠየቁት ጥያቄ ትክክል ነበር፤ መልሱን ግን ያኔ የሚነግራቸው አልነበረም፤ አሁን በክንድህ ላይ ያለው የመርፌ ምልክት መልሱ ነው። በዚህ አነጋገር ፍቅሩ በቦታው ይቀራል፤ የሚነሣው ሸክላ ሠሪዋ ላይ የተጫነው ክስ ብቻ ነው። ከዚህም በላይ ልጁ ሌላ ነገር ያገኛል፤ ሰው ክፉ ሳይሆን ሊሳሳት እንደሚችል ይማራል። ይህን ያልተማረ ልጅ የጅምላ ፍርድን ሲጥል እንኳ የጣሉትን ሰዎች በጅምላ ይፈርድባቸዋል።

ሆኖም በሰላ ድንጋይ የሚያስተምር ሰው ትምህርቱን ከሸክላ ሠሪዋ ቢጀምር ይቸኩላል። የሚያም ቁስል መጀመሪያ አይነካም። ለዚህ ከተማዋ ራሷ የተሻለ መነሻ ትሰጠዋለች። ልጆች ሁሉ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» የሚለውን ተረት ሰምተዋል። መምህሩ ይህን ተረት አስብሎ ሲያበቃ፣ በዚህች ከተማ ተቀምጦ አገር ያስተዳደረው ማን ነበር ብሎ ይጠይቅ። መልሱ ወይዘሮ ዘነበ ወርቅ ናቸው፤ የሣህለ ሥላሴ እናት። በልጃቸው ዘመን መንበራቸው ሰላ ድንጋይ ነበር፤ በ1842 እ.ኤ.አ. ከአንኮበር ተነሥቶ ወደ ሰሜን ያቀናው ሚስዮናዊው ክራፕፍ ያገኛቸው እዚሁ ነው። ልጁ የሚራመድበት መሬት ተረቱን ሐሰት አደረገው ማለት ነው። የስድስት ዓመት ልጅ ስለ ፆታ እኩልነት ንግግር አይገባውም፤ «ሁሉ» የተባለ ነገር በአንድ ሰው ሲፈርስ ግን በደንብ ይገባዋል፤ ያስቀዋልም።

ቀጥሎ ልጁ የፍርዱን ሌላ ጫፍ ይቅመስ። የመንዝና የአካባቢው ሰው በሌላ አገር ሲነሣ «መንዜ እንዲህ ነው» ይባላል፤ ግልፍተኛ ነው፣ ግትር ነው፣ ለጠብ አይሰንፍም ይባላል። አዲስ አበባ የሄደ የሰላ ድንጋይ ልጅ አፉን በከፈተ ቁጥር በአነጋገሩ የሚስቅ አይጠፋም። «አንተ ግልፍተኛ ነህ?» ተብሎ ሲጠየቅ ልጁ «አይደለሁም» ይላል። «ታዲያ መንዜ ግልፍተኛ ነው ያለው ሰው በምን አወቀ?» ይህ «በምን አወቀ?» የተባለ ጥያቄ የትምህርቱ ዋና መሣሪያ ነው። እዚህ ላይ ቋንቋው ራሱ አንድ ወጥመድ እንደሚያኖር ማስተዋል ይገባል። በአማርኛ አንድን ሰው የሚያመለክት ስም ሕዝብን ሁሉ ተሸክሞ ይናገራል፤ «ቆለኛ እንዲህ ነው»፣ «ነጋዴ እንዲያ ነው» ሲባል አንድ ሰው የተጠራ ይመስላል፤ የተፈረደበት ግን አገር ነው። የቋንቋ መምህር ይህን ዓረፍተ ነገር በሰሌዳ ላይ ጽፎ «ስንት ሰው ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ በአንድ የሰዋስው ክፍለ ጊዜ ብዙ ስብከት ሊሠራው የማይችለውን ይሠራል።

ተረቱስ ምን ይደረግ? አያ ጅቦ ሁልጊዜ ሆዳምና ሞኝ ነው፤ እመት ጦጢት ሁልጊዜ ብልህ ናት። ተስፋዬ ሣህሉ፣ አባባ ተስፋዬ፣ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለአሥርተ ዓመታት ልጆችን ያሳደጉት በእንዲህ ያሉ ተረቶች ነው፤ ተረቶቹን ከልጅ የሚነጥቅ ሰው በእውነት ዘራፊ ነው። ቢሆንም ተረት ለእንስሳ አንድ ጠባይ ብቻ እንደሚሰጥ፣ ሰው ግን አንድ ጠባይ ብቻ እንደሌለው ልጁ ሊነገረው ይገባል። አደጋው የሚመጣው የተረቱ ጅብ ከተረቱ ወጥቶ በቀጥቃጩ ቤት ሲገባ ነው። በ1990ዎቹ ማብቂያ የተጀመረው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተሰኘው የልጆች ዝግጅት ዋና ገጸ ባሕሪውን ቀጭኔ አድርጓል። ቀጭኔ ከየትም ወገን አይደለችም፤ ሁሉም ልጅ የእኔ ናት ሊል ይችላል። ብልህ ምርጫ ነው። ነገር ግን ቀጭኔን መውደድ ቀላል ነው፤ ችግሩ ያለው ጎረቤትን መውደድ ላይ ነው።

በዓለም ዙሪያም መምህራን በዚህ ጉዳይ ብዙ ደክመዋል። በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ኬኔትና ማሚ ክላርክ የተባሉ ጥቁር አሜሪካውያን ባልና ሚስት ከ3 እስከ 7 ዓመት ለሆኑ ጥቁር ሕፃናት ነጭና ጥቁር አሻንጉሊቶች አቅርበው የትኛው መልካም እንደሆነ ጠየቁ። አብዛኞቹ ነጩን መረጡ። ይህ ጥናት በ1954 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በትምህርት ቤት የዘር መለያየትን ሲሽር ከተጠቀሱት መካከል ነው። በ1968 እ.ኤ.አ. ደግሞ ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደለ ማግስት፣ በአዮዋ ክፍለ ግዛት በአንዲት ትንሽ ከተማ የምታስተምር ጄን ኤሊየት የተባለች መምህርት የሦስተኛ ክፍል ተማሪዎቿን በዓይናቸው ቀለም ከፈለቻቸው። አንድ ቀን ሰማያዊ ዓይን ያላቸው የበታች ሆኑ፣ በሌላው ቀን ቡናማ ዓይን ያላቸው። የበታች የተባሉት ወዲያው ተሸማቀቁ፣ ትምህርታቸውም ደከመ፤ የበላይ የተባሉት ጓደኞቻቸውን ማዋረድ ጀመሩ። የመምህርቷ ድፍረት ይደነቃል። ይሁንና በሰላ ድንጋይ ሊደገም የሚገባው አይደለም። በአዮዋ ክፍል ውስጥ የነበሩት ልጆች ሁሉ ነጮች ስለነበሩ ክፍፍሉ በማግስቱ የሚፈርስ ጨዋታ ነበር። በሰሜን ሸዋ ክፍል ውስጥ ግን ክፍፍሉን መፍጠር አያስፈልግም፤ አስቀድሞ በአግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። የቀጥቃጩ ልጅ መናቅ ምን እንደሚመስል የሚያሳየው አስተማሪ አይፈልግም።

ልዩነትን እናክብር የሚለው መፈክር ሳይመረመር ሲወሰድ የሚያሳስተውም እዚህ ላይ ነው። እውነተኛ ልዩነት አለ። ከአንኮበር ሥር ባለችው በአልዩ አምባ ገበያ የአርጎባው ሸማኔና ነጋዴ ከደጋው ገበሬ ጋር ለዘመናት ተገበያይቷል፤ ሃይማኖታቸው ይለያያል፣ ቋንቋቸውም ይለያይ ነበር፣ የእጃቸው ሥራ ይለያያል። ይህን ልዩነት ልጅ ሊያውቀው፣ ሊያደንቀውና ሊጠይቅበት ይገባል። የሸክላ ሠሪዋ ጅብነት ግን ልዩነት አይደለም፤ ስም ማጥፋት ነው። «እርሷ ከእኛ ትለያለች፣ ቢሆንም እናክብራት» ተብሎ የተማረ ልጅ ሐሰቱን በጨዋነት ጠቅልሎ ተቀበለ ማለት ነው። መጀመሪያ ሐሰተኛው ልዩነት ይነሣ፤ ከዚያ በኋላ የቀረው እውነተኛ ልዩነት የእጇ ሙያ ነው፤ እሱም የሚያስቀና ነው።

የሥነ ጥበብ ሰዎችም ከዚህ ጉዳይ ውጪ አይደሉም። ሳቅ ለማግኘት አጭሩ መንገድ የታወቀ ዓይነት ሰው መድረክ ላይ ማውጣት ነው፤ አነጋገሩ የሚጎተት ባላገር፣ ሳንቲም የሚቆጥር ነጋዴ፣ ኩታ ለባሽ ሸማኔ። ተመልካቹ ሰውየው አፉን ሳይከፍት ይስቃል፤ ምክንያቱም የሚስቀው አስቀድሞ በሚያውቀው ነገር ነው። ከወላጁ ጋር በአዳራሹ የተቀመጠው ልጅም ማን እንደሚሳቅበት ተምሮ ይወጣል። ከሰሜን ሸዋ ተነሥተው በአዲስ አበባ ቀጨኔ የሰፈሩ ሸክላ ሠሪዎች ጀበናቸውንና ድስታቸውን ለዋና ከተማው አብቅተዋል፤ ስሙ ግን ተከትሏቸው ገብቷል። ሥራቸው በየቤቱና በየሆቴሉ የባህል ኩራት ሆኖ ይደረደራል፤ ሠሪዋ በልብ ወለድና በቴአትር ስትታይ ግን አብዛኛውን ጊዜ አስፈሪ ወይም አሳዛኝ ናት። ቀልደኛ፣ ቅናተኛ፣ ቁጡ፣ ሙያዋን የምታውቅ ተራ ሴት ሆና ብትታይ ተመልካቹ ብዙ ይማር ነበር።

ወደ ክፍሉ እንመለስ። ልጆቹ በቂ ጥያቄ ከጠየቁ በኋላ መምህሩ ሸክላ ሠሪዋን ወደ ትምህርት ቤቱ ሊጋብዝ ይችላል። ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ብቻዋን ብትመጣ ትርኢት ትሆናለች፤ ስለዚህ በአንዱ ሳምንት ነርሷ፣ በሌላው ባና ሸማኔው፣ በሌላው የወፍጮ ቤቱ ሰው መጥተው ሥራቸውን ያሳዩ፤ እርሷም ተራዋን ጠብቃ ትምጣ። ከሁሉ በላይ አጠራሩ ይታሰብበት። በገበያ ላይ ፀጉራቸው የሸበተ ሸክላ ሠሪ በልጅ እግር ገዢ «አንቺ» ሲባሉ መስማት የተለመደ ነው። መምህሩ በልጆቹ ፊት ብድግ ብሎ «እንደምን አደሩ፣ እትዬ፤ ይቀመጡ» ካለና የራሱን ወንበር ከለቀቀ፣ የዚያ ቀን ትምህርት ግማሹ ተሰጥቷል። ልጆች የሚያዳምጡት ቃሉን ብቻ አይደለም፤ ማን እንደተነሣና ማን እንደተቀመጠ ይቆጥራሉ።

ከዚያ በኋላ ጭቃው ይምጣ። ትምህርቱ በአንድ ቀን አያልቅም። አፈሩ ይመረጣል፣ ይወቀጣል፣ ይነፋል፣ በውሃ ይለወሳል፣ ይታሻል፤ የተሠራው ጥላ ውስጥ ቀናት ይደርቃል፤ በመጨረሻ በእሳት ይተኮሳል። ልጆቹ ጀበና እንሥራ ይላሉ፤ አንገቱ ይወድቅባቸዋል። ስኒ እንሥራ ይላሉ፤ ይጠመምባቸዋል። እትዬ በአውራ ጣታቸው ጫፍ ሲያቃኑት ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ያያሉ፤ ያን ጊዜ ዓይናቸውን ሳይሆን እጃቸውን ነው የሚመለከቱት። መምህሩ በዚያ ሰዓት የሸክላ ሠሪዋን የልጅ ልጅ «አንተማ ታውቅበታለህ፣ አሳያቸው» እንዳይለው ይጠንቀቅ፤ ምስጋና የመሰለ ሌላ የጅምላ ፍርድ ነውና። ከእሳቱ ሲወጣ ከተሠራው ብዙው ተሰንጥቆ ይገኛል። ከተሰነጠቁት መካከል የእሱም ሥራ ሊኖርበት ይችላል፤ ገና የስድስት ዓመት ልጅ ነው።